የፋብሪካ መሬት ለቤት መሥሪያ ከመሰጠቱ በፊት

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» የሚለውን የአባቶች አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ የምንመለከተውም ጉዳይ ከሥሩ፣ ይኸውም ከአፈሩ የሚነሣ ነው። አንድ ፋብሪካ ተዘግቶ በቦታው መኖሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት እንዲሠራ በታሰበ ጊዜ፣ የመሬቱን ጤንነት ማን ይመርምር? የምርመራውንስ ወጪ ማን ይክፈል?

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚሠራው መገናኛ መሆኑ ይነገራል። ስለዚህ ስሙ ራሱ በዚያ ምን ይሠራ እንደ ነበር ይመሰክራል። ሌላው መሬት ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማና በአዋሳኞቹ፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርም ጭምር፣ የቀለምና የቆዳ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችም ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። አጥሩ ፈርሶ ግቢው በተጠረገ ጊዜ መሬቱ እንደ ማናቸውም ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም፣ በቀለምና በባትሪ ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው ብረት፣ ከጋራዥም የሚፈስሰው የተቃጠለ ዘይት በአፈሩ ውስጥ ተደብቀው ሊቆዩና ከዝናብ ጋር ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ሊሰርጉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ የሕፃን ሰውነት ከዐዋቂው ሰው 4 ወይም 5 እጥፍ የሚሆን እርሳስ ወደ ውስጡ ይቀበላል፤ ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። በአፈር ላይ የሚጫወተው ደግሞ ሕፃኑ ነው።

ችግሩ በፋብሪካ ግቢ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተከፈተውና ቆሼ በሚል ስም የሚታወቀው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችንን ሕይወት ቀጥፏል። በምን ዓይነት መሬት አጠገብ እንደምንኖር አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አይገኝም።

ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። ፍርዱ የቀና ነው። ይሁን እንጂ የበከለው ማን እንደ ሆነ መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ብዙ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ግል ተዛወሩ። አንዱ ግቢ ሁለትና ሦስት ባለቤት ሲፈራረቅበት፣ አንዱ ሞቶ፣ ሌላው ከስሮ፣ አንደኛውም ራሱ መንግሥት ሆኖ ይገኛል። በዚህ ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ የመሬቱ ባለቤት ሕዝብ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ምርመራ ወጪ ከሕዝብ ገንዘብ መክፈል የባለቤትነት ግዴታ ነው። በካዩ ተለይቶ በታወቀ ጊዜ ሒሳቡን በሕግ ማስመለስ ይቻላል።

ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ የቆየው መዝገብና ካርታ ይገለጣል፤ የቀድሞ ሠራተኞች፣ ዘበኞችና የሠፈሩ ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ። ሁለተኛ፣ በተጠረጠረው ስፍራ ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈርና የውኃ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ሦስተኛ፣ በውጤቱ መሠረት አፈሩ ይነሣ፣ በላዩ ይሸፈን፣ ወይስ ቦታው ለመጋዘን ብቻ ይዋል የሚለው ይወሰናል። የመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ትጋትን ነው።

«ሕዝቡ ቤት እየቸገረው አፈር ስንመረምር ጊዜ አይባክንምን?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከሌላው አገር ታሪክ እናገኘዋለን። በአሜሪካ፣ በናያጋራ ፏፏቴ ከተማ፣ ላቭ ካናል በተባለው ስፍራ፣ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ወደ 20 ሺህ ቶን የሚጠጋ ዝቃጭ ቀብሮ መሬቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በ1 ዶላር ሸጠ። በላዩ ትምህርት ቤት፣ በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀቁ፤ ጽዳቱም ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። መሬቱ በ1 ዶላር ተገኘ መባሉ ምን ጠቀመ? በ2002 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከተሞች የተተዉ የኢንዱስትሪ ቦታዎችን አስቀድመው እንዲያስመረምሩ የመንግሥት ድጎማ እንዲሰጣቸው የፈቀደው ከእንዲህ ያለው መከራ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትህ የመሬት ፋይል ለፊርማ በቀረበልህ ጊዜ፣ ስለ ስፋቱና ስለ ሊዝ ዋጋው ብቻ ሳይሆን፣ «በዚህ ቦታ ቀድሞ ምን ይሠራ ነበር? አፈሩስ ተመርምሯልን?» ብለህ ጠይቅ። የበጀት ረቂቅ በሚዘጋጅበትም ወቅት ለዚህ ተግባር አንድ የወጪ ርእስ እንዲያዝ አሳስብ። በዚያ መሬት ላይ በሚሠራው ቤት ውስጥ የሚኖሩት የሌላ ሰው ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ዕጣው ለአንተም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩን እንመርምር።