አዲስ የዕፅዋት ዝርያ እንዴት ይሰየማል? ለሐኪምስ ምን ይጠቅማል?

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ሁሩሙ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ከሚያካትታቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። በዚህ ደን ቡና ዛሬም ያለ ተካይ ይበቅላል። ነዋሪው ዕፅዋቱን በቅጠላቸው፣ በልጣቸውና በሥራቸው ለይቶ ያውቃል፤ ለሕመሙም መድኃኒት ይቀምምባቸዋል። ይሁን እንጂ ነዋሪው የሚያውቀው ተክል ሁሉ በሳይንስ ተመዝግቧል ማለት አይደለም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ አለ። ያዩን ጨምሮ በአገራችን የዱር ቡና ደኖች የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱት ጥናት፣ ከኩሸሽሌ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ አዲስ ዝርያ ተገኝቷል። ዝርያውን የገለጹት ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳ «አካንቶፓሌ ኤቲዮጀርማኒካ» ብለው በመሰየም የሁለቱን አገሮች ትብብር አስታውሰውበታል።

አንድ ተክል ለእንዲህ ያለ ስም የሚበቃው በሚከተለው አኳኋን ነው። አጥኚው አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጦ በጋዜጣ ወረቀት መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ ያደርጋል። ሲደርቅ የሚጠፉትን የአበባውን ቀለምና ሽታ፣ እንዲሁም የተክሉን ቁመት፣ የቦታውን ከፍታና የአካባቢውን መጠሪያ እዚያው ይመዘግባል። ቀጥሎም ናሙናውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ከተከማቹት ናሙናዎች ጋር ያነጻጽራል። የሚታየው ልዩነት በአንድ ቅጠል ስፋት ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በበርካታ ናሙናዎች ላይ የጸና ሊሆን ይገባል። በመጨረሻም አንዱ ናሙና የስሙ ቋሚ ምስክር ሆኖ ይመረጣል፤ ገለጻውም በላቲን፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በእንግሊዝኛም ጭምር ሊታተም ይችላል። ከዚያ በኋላ በስሙ ላይ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ያ የደረቀ ቅርንጫፍ ነው።

ይህ ጉዳይ የሕክምና ባለሙያንም ይመለከታል። አንድ የአካባቢ መጠሪያ ለተለያዩ ዝርያዎች ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱም ተክል ከቦታ ቦታ ስሙ ይለዋወጣል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ብዙ ሰው የቀጠፈው የጉበት በሽታ መንስኤው ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። በኋላ የተካሄዱ ምርመራዎች በሽታውን አጀራተም ኮኒዞይደስ ከተባለው አረም ጋር አያይዘውታል፤ አረሙ ከእህል ጋር እየተቀላቀለ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለውን መርዝ ወደ ምግብ ያስገባ ነበር።

በመሆኑም ባለሙያው በታማሚው ካርድ ላይ «የባህል መድኃኒት ወስዷል» ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባውም። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ከቤተሰብ አስመጥቶ፣ በጋዜጣ መካከል አድርቆ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የአካባቢውን መጠሪያ ጽፎ ወደ ሄርባሪየም ቢልክ መልካም ነው። መልሱ ለዛሬው ታማሚ ባይደርስ እንኳ ለሚቀጥለው ይደርሳል።