ካርዱን ከመክሰስ በፊት

የክሪፕቶ ማይኒንግ ሪግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው ኮምፒውተር አይመስልም። ሳጥን የለውም፤ ከአሉሚኒየም ወይም ከእንጨት የተሠራ ክፍት መደርደሪያ ነው። ከታች ማዘርቦርድ፣ ርካሽ ፕሮሰሰር፣ ትንሽ ራምና አንድ ወይም ሁለት ፓወር ሰፕላይ ይቀመጣሉ፤ ከላይ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ጎን ለጎን ይደረደራል። ስሌቱ ሁሉ የሚካሄደው በካርዶቹ ውስጥ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ሥራ አከፋፋይና ውጤት ተቀባይ ከመሆን አያልፍም። ገንዘቡም የሚፈሰው በዚሁ መጠን ነው፤ ባለቤቱ ካወጣው ወጪ አብዛኛውን ካርዶቹ ይወስዱታል፣ ካርዶቹን ከማዘርቦርዱና ከኤሌክትሪክ ጋር ለሚያገናኙት ጥቃቅን ዕቃዎች የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሪጉ ሲታመም ግን ስሙ የሚነሳው የውዱ ዕቃ ነው። ስክሪኑ ላይ ሦስተኛው ካርድ ጠፍቷል የሚል መልእክት ይመጣል፤ ባለቤቱም ካርዱ ሞቷል ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ምልክቱ የሚታይበት ቦታና ብልሽቱ ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኙም፤ ስለዚህ ፍለጋው ከኤሌክትሪኩና ከማገናኛው ተነስቶ ወደ ካርዱ መሄድ አለበት።

ለምን እንደሆነ ከኤሌክትሪኩ ሒሳብ እንነሳ። እያንዳንዳቸው 200 ዋት የሚወስዱ ስድስት ካርዶች በድምሩ 1200 ዋት ይፈልጋሉ። ብክነቱን ትተን፣ ይህ ኃይል ከግድግዳው በ220 ቮልት ሲወጣ 5.5 አምፔር ገደማ ነው፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያነሰ ጭነት። ሰው ሶኬቱንና ቆጣሪውን አይቶ «መብራቱ ደህና ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ወደ 12 ቮልት ካወረደው በኋላ ግን ያው 1200 ዋት 100 አምፔር ይሆናል፤ ይህ ሁሉ አምፔር ደግሞ ጥፍር በማያክሉ ፒኖች ተከፋፍሎ ያልፋል። በአንድ ማገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ልክ ያድጋል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ትንሽ የላላ ፒን ይሞቃል፣ ሙቀቱ ይበልጥ ያላላዋል፣ መላላቱ መልሶ ሙቀቱን ይጨምራል። ለጨዋታ የተገዛ ኮምፒውተር ሌሊት ያርፋል፤ ሪግ ግን ወራት ሙሉ ያለ ዕረፍት በሙሉ ጭነት ይሠራል። በሌላ ማሽን ላይ ዓመታት የሚወስድ ድካም እዚህ በአንድ ክረምት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በጣም ደካማው ቀለበት ራይዘር የሚባለው ነው። ካርዶቹ ማዘርቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ለመሰካት ቦታ ስለማይበቃቸው እያንዳንዱ በራሱ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይቀመጥና በገመድ ከማዘርቦርዱ ትንሿ ስሎት ጋር ይያያዛል። ገመዱ መልኩ የዩኤስቢ 3.0 ነው፤ የሚያስተላልፈው ግን የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሲግናል ስለሆነ ከኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ጋር ማገናኘት ዕቃ ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ግን ኃይሉ ነው። በስታንዳርዱ መሠረት አንድ ካርድ ከተሰካበት ስሎት እስከ 75 ዋት እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ ከዚህ ውስጥ 66 ዋቱ በ12 ቮልት የሚመጣ ነው። ካርዱ ራይዘር ላይ ሲቀመጥ ይህን ድርሻ የሚሰጠው ማዘርቦርዱ ሳይሆን ራይዘሩ ላይ የሚሰካው የኃይል ገመድ ነው። ከብዙ ራይዘሮች ጋር ደግሞ ከሳታ የሚቀጠል ገመድ አብሮ ይሸጣል። ሳታ ለሃርድ ዲስክ የተሠራ ማገናኛ ነው፤ 12 ቮልት የሚያሳልፉት ሦስት ፒኖቹ እያንዳንዳቸው የተመደቡት ለ1.5 አምፔር ነው፤ በድምሩ 54 ዋት። ሻጩ ካርቶኑ ውስጥ የጨመረው ገመድ ካርዱ ሊጠይቅ የሚችለውን እንኳ አይችልም ማለት ነው። ካርዶቹም ሁልጊዜ ጨዋ አይደሉም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 480 ከስሎቱ ከተፈቀደው በላይ ሲስብ ተለክቶ ኩባንያው በድራይቨር ማስተካከያ ሊያወጣ ተገዷል። ስለዚህ ራይዘር የሚገዛ ሰው ባለ ስድስት ፒኑን መርጦ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚወጣ ገመድ ቢያገናኘው ካርዱንም፣ ምናልባት ቤቱንም ያተርፋል።

ይህን ይዘን የተለመዱትን የስህተት መልእክቶች ስናነብ ትርጉማቸው ይለወጣል። በሊኑክስ የሚሠራ የኤንቪዲያ ሪግ ኤክስአይዲ 79 የሚል መልእክት ሲጽፍ፣ ሲስተሙ ካርዱን ከመስመሩ አጥቶታል ማለቱ ነው። መልእክቱ ካርዱ ተቃጠለ አይልም፤ ግንኙነቱ ተቋረጠ ነው የሚለው። ግንኙነት ደግሞ ኃይል ለቅጽበት ሲወርድ፣ ገመዱ ሲነቃነቅ ወይም ርካሹ ራይዘር ፈጣኑን ሲግናል መሸከም ሲያቅተው ይቋረጣል። የኋለኛው በባዮስ ውስጥ የስሎቶቹን ፍጥነት ወደ አንደኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ትውልድ ዝቅ በማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታል፤ ማይኒንግ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚለዋወጠው ዳታ ኢምንት ስለሆነ በፍጥነቱ መቀነስ የሚጎድል ገቢ የለም። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ባለበት ሪግ ላይ ደግሞ መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት የአንድ ካርድ ራይዘርና የዚያው ካርድ የኃይል ገመድ ከአንድ ሰፕላይ መምጣታቸው ነው። ግማሹ ከዚህ ግማሹ ከዚያ ከሆነ፣ አንዱ ቀድሞ ሲነሳ ወይም ብቻውን ሲጠፋ ካርዱ በግማሽ ኃይል ይንጠለጠላል።

ከኤሌክትሪክ ውጭም ካርድ በሐሰት የሚከሰስበት መንገድ አለ። አራት ካርድ ተሰክቶ በሰላም የሚነሳ ሪግ አምስተኛው ሲጨመር ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀራል። አምስተኛው ካርድ ተበላሽቷል ማለት ቀላል ነው፤ ብቻውን ሲሞከር ግን እንደ ሰዓት ይሠራል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማዘርቦርዱ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ካርድ ከማስታወሻ አድራሻ ድርሻ ይሰጣል፤ በድሮው አሠራር ይህ ሁሉ ድርሻ ከ4 ጊጋባይት በታች ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት አለበት። ቦታው ሲያልቅ ተጨማሪ ካርድ መቀመጫ ያጣል። መፍትሔው በባዮስ ውስጥ አባቭ 4ጂ ዲኮዲንግ የሚለውን ማብራት ብቻ ነው። አሱስ በ2017 ያወጣው አሥራ ዘጠኝ ስሎት ያለው ቢ250 ማይኒንግ ኤክስፐርት የተባለ ማዘርቦርድ ሲነሳ የየስሎቱን ሁኔታ በስክሪን የሚያሳይ ገጽ የተደረገለትም እንዲህ ያለው ግምት ብዙ ጊዜ ስለሚያባክን ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ የጊዜ ነው። ሪግ ቆሞ ባደረ ቁጥር ገቢ ይቀራል፤ ታዲያ ገመድ በገመድ ከመፈተሽ ሲስተሙን ፎርማት አድርጎ፣ ድራይቨሩን አድሶ፣ ራይዘሮቹን በሙሉ ለውጦ መገላገል አይሻልም ወይ? ፎርማት በእኛ ዘንድ የኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒት ተደርጎ መቆጠሩን አውቃለሁ። ግን አምስት ነገር በአንዴ የለወጠ ሰው ሪጉ ቢነሳለትም ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ከሳምንት በኋላ ሲደገም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንድ በአንድ መለወጥ ዘገምተኛ ይመስላል እንጂ አይደለም። ስምንት ካርድ ካለ በአራት አራት ከፍሎ ማስነሳት፣ የሚያስቸግረውን ግማሽ ደግሞ ሁለት ሁለት ማድረግ፣ ጥፋተኛው አንድ መስመር ብቻ ከሆነ በሦስት ሙከራ ያደርሳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ችግሩ ማንን ተከትሎ ይሄዳል የሚል ነው። ካርዱ ወደ ሌላ ራይዘር ሲዛወር ችግሩ አብሮት ከሄደ ካርዱ ይጠረጠራል፤ ችግሩ በነበረበት ከቀረ ራይዘሩ ወይም ገመዱ ነው፤ ራይዘሩም ተለውጦ ከቀጠለ ስሎቱ። በነገራችን ላይ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው የካርድ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩበት ቅደም ተከተል ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ከመንቀል በፊት የአንዱን ካርድ ፋን ብቻ በሶፍትዌር አፍጥኖ የትኛው እንደሚጮህ መስማት፣ ጤነኛውን ነቅሎ ሌላ ችግር ከመፍጠር ያድናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ነው። ሪግ የሚያስተዳድሩ ብዙ ሰዎች ካርድ ሲጠፋ ማሽኑን ራሱ አጥፍቶ የሚያስነሳ ጠባቂ ፕሮግራም ይጭናሉ፤ ሪጉ በቀን ሁለቴ ቢነሳ ምን ቸገረን ይላሉ። ሶፍትዌር አልፎ አልፎ ለሚሠራው ስህተት ይህ በቂ ነው። የላላ ማገናኛ ላይ ግን ጠባቂው የሚያደርገው የሚቃጠለውን ፒን ደጋግሞ ወደ ሙሉ ጭነት መመለስ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ደግሞ ስህተቱ ከውስጥ ይሁን ከውጭ መለየት ስለማይቻል ሪጉ የተነሳበትን ሰዓት መመዝገብ ግድ ይላል፤ መብራት ከሄደበት ወይም ቮልቴጁ ከተናጋበት ሰዓት ጋር የማይገጥም ዳግም መነሳት የማሽኑ የራሱ ችግር ነው።

ካርድ ግን ፈጽሞ አይበላሽም አላልኩም። ከሁሉም በላይ የሚያዳክመው የሜሞሪው ሙቀት ነው፤ ተንኮሉም የተለመደው መለኪያ የሚያሳየው የዋናውን ቺፕ ሙቀት ብቻ መሆኑ ነው። ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ ያላቸው አርቲኤክስ 3080 እና 3090 ቺፓቸው 60 ዲግሪ እያሳየ ሜሞሪያቸው 110 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ልክ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሪጉ አልቆመም፣ የስህተት መልእክትም የለም፣ በሰከንድ የሚሠራው ስሌት ብቻ ይወርዳል። በሜሞሪውና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የሙቀት ፓድ መለወጥ ብዙዎቹን አድኗል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሰው ስስት ነው፤ የሜሞሪ ፍጥነቱ ከልክ በላይ የተገፋ ካርድ ሳይቆም የተሳሳተ ውጤት ያመነጫል፣ የብዙ ሪጎችን ውጤት የሚያሰባስበው ፑልም ውጤቱን ውድቅ ያደርገዋል። አንድ ሞዴል ሆነው የሜሞሪያቸው ሠሪ የሚለያይ ካርዶች አሉና አንዱ የቻለውን ሌላው ላይችል ይችላል። እንግዲህ ካርድ ላይ ፍርድ የሚሰጠው ብቻውን፣ ያለ ራይዘር፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ተሰክቶ፣ ፍጥነቱ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመልሶ፣ ጤናማነቱ በተረጋገጠ ፓወር ሰፕላይ ተሞክሮ ሲወድቅ ነው።

ምንም ነገር ሳይበላሽ ሪግ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ኢተሪየም የተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ በካርድ ይወጣ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ካርድ ዳግ የሚባል ትልቅ ፋይል በሜሞሪው መያዝ ነበረበት፤ ፋይሉ በ2015 ከ1 ጊጋባይት ተነስቶ በየ30,000 ብሎኩ 8 ሜጋባይት ያህል እያደገ በ2020 መጨረሻ ላይ 4 ጊጋባይት ሞላ። ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶች በየሀገሩ በተቀራረቡ ቀናት ሥራ አቆሙ፤ ራይዘር የለወጡት ሁሉ በከንቱ ለወጡ። በ2021 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060ን ያወጣው ደግሞ የኢተሪየም ስሌት ሲያውቅ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል እንዲቀንስ አድርጎ ነው። ይህ ምድብ የሚታወቀው በአንድ ምልክት ነው፤ አንድ ዓይነት ካርዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ጠባይ ያመጣሉ። የገመድ ችግር እንዲህ አያደርግም፤ አንዱን ነው የሚመርጠው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ይህ ሁሉ ዕውቀት ጊዜው አልፏል የሚል ነው። ኢተሪየም በመስከረም 2022 በካርድ የሚደረገውን ስሌት ትቶ ወደ ሌላ አሠራር ዞረ፤ በኢትዮጵያም የኤሌክትሪክ ኃይል ገዝተው ቢትኮይን የሚያወጡት ትላልቅ ማዕከላት የሚጠቀሙት ለዚያ ብቻ የተሠሩ ማሽኖችን እንጂ ግራፊክስ ካርድን አይደለም። እውነት ነው። ግን ብዙ ካርድ በአንድ ማሽን መደርደር አልቀረም፤ ዛሬ የሚደረደሩት ለሰው ሠራሽ አስተውሎትና ለባለ ሦስት ገጽታ ምስል ሥራ ነው። እነዚህ ሥራዎች ብዙ ዳታ ስለሚያመላልሱ አንድ የዳታ መስመር ብቻ ባለው የሪግ ራይዘር አይረኩም፤ የኃይሉ ጣጣ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል። በ2022 መገባደጃ ላይ አርቲኤክስ 4090 በወጣ በሳምንታት ውስጥ አሥራ ስድስት ፒን ያለው አዲሱ የኃይል ማገናኛው መቅለጡ ተሰማ። ካርዱ በአሜሪካ 1,599 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኤንቪዲያ መርምሮ ከደረሰባቸው ጉዳዮች ውስጥ የጋራ ሆኖ ያገኘው ማገናኛው እስከ መጨረሻው አለመሰካቱን ነው።