ብርሌ ከነቃ በኋላ

ከአዲስ አበባ የተነሳ አውሮፕላን ሶማሊላንድ ውስጥ ሀርጌሳ፣ ኢጋል ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ሲያርፍ በመስኮቱ የሚታየው ደረቅ ሜዳ፣ ግራርና በፀሐይ የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ባሕር የሚባል ነገር የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በርበራ ደርሶ እግርን ጨዋማ ውኃ ውስጥ ለመንከር ገና 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል መንዳት ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ከ1993 ወዲህ ምጽዋና አሰብ ከእጁ ለወጡበት አገር ሰው ይህ አየር ማረፊያ ከባሕር በቅርብ ከሚያደርሱት በሮች አንዱ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ በኋላ ደግሞ ባሕር ሲነሳ ወደብ፣ ወደብ ሲነሳ ኪራይና ኮንቴይነር ብቻ ሆኗል ወሬው። እዚህ የሚነሳው ጉዳይ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በርበራ ዳርቻ ላይ ሲውል ልጆች ከአሸዋው ላይ ስለሚለቅሙት የጠርሙስ ስባሪ። ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ባሕር ምን እንደሆነ ለደጋ ልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ከዳርቻ ላይ ምንም ነገር ሳንጎዳ ልንወስደው የምንችለውም እሱኑ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ደጋ ላይ የተወለደ ነው፤ ደጋ ላይም እውነት ነው። የተሰበረ ጠርሙስ ግቢ ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ያው ስለት ነው። ባሕር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጠርሙስ ከምን እንደሚሠራ ማስታወስ ይበቃል። ሰባ በመቶ ገደማው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ ነው፤ ሶዳና ኖራ ተጨምሮበት በእሳት ይቀልጣል። ሶዳው አሸዋውን ቶሎ ለማቅለጥ ይረዳል፣ ግን የብርጭቆውን ጥንካሬ ይቀንሰዋል። የማዕድናት ጥንካሬ በሚነጻጸርበት የሞህስ መለኪያ የኳርትዝ አሸዋ 7 ሲሆን የጠርሙስ ብርጭቆ 5.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ ማዕበል ስባሪውን አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ባንከባለለው ቁጥር አሸዋው ይፍቀዋል፤ ብርጭቆ በገዛ እናቱ ነው የሚሞረደው። በመጀመሪያ ስለቱ ይዶለዱማል፣ ከዚያ ማዕዘኑ ይከብባል። በዚያው ላይ ጨዋማው ውኃ ከብርጭቆው ገጽ ሶዳውን ቀስ በቀስ እየሳበ ያወጣና በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ይተዋል። ሁለቱ ሥራዎች ተደራርበው ያ ጥርት ብሎ ያንጸባርቅ የነበረ ጠርሙስ አፍ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ከረሜላ ይመስላል፤ ደብዘዝ፣ ለስለስ ያለ፣ ብርሃን ወደ ውስጡ የሚያስገባ ግን ከወዲያው ያለውን የማያሳይ። ደህና ሆኖ እስኪበስል ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በትልቅ ማጉያ ሲታይ ገጹ ላይ ጥቃቅን የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጭረቶች ይገኛሉ። በማሽንና በአሲድ ተድበልብሎ ለጌጥ የሚሸጠው አስመሳይ እነዚህ የሉትም፤ ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ስባሪ እጅ ላይ ይዞ ሲያገላብጡት ብዙ ይናገራል። አረንጓዴው ቀለም ብዙ ጊዜ ከብረት ነው የሚመጣው፤ ደማቁ ሰማያዊ ከኮባልት ነው፣ በብዛትም የድሮ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ ነበር። ቀይና ብርቱካናማ ብርቅ ናቸው። በማንጋኒዝ ተጣርቶ ነጭ እንዲሆን የተደረገ አሮጌ ብርጭቆ ፀሐይ ሲመታው ከጊዜ ብዛት ወደ ሐምራዊ ያደላል። ወፍራምና ጎበጥ ያለ ከሆነ የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ ከሁሉ የሚተርፈውም እሱ ነው።

ይህ ዕቃ ኢትዮጵያ ውስጥ ለምን እንግዳ ሆነ ቢባል መልሱ የባሕር እጦት ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ባዶ ጠርሙስ ሥራ ፈቶ አያውቅም። አረቄ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ ማር ይላክበታል። የቢራውና የለስላሳው በሳጥን ወደ መጣበት ይመለሳል። የቀረውን «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰውዬ ይወስደውና መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገባል። የባሕር ብርጭቆ የሚወለደው ቁራሌው በሌለበት ነው፤ ጠርሙሱ አንዴ ከተጠጣበት በኋላ ፈላጊ ባጣበት። ዓለም ላይ ስማቸው የገነነው ዳርቻዎች ሁሉ ይህንኑ ይመሰክራሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የፎርት ብራግ ከተማ ነዋሪዎች ከ1906 ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ ቆሻሻቸውን ከገደል ወደ ባሕር ሲደፉ ኖሩ፤ ዛሬ ያ ሥፍራ የግዛቱ ፓርክ አካል ሆኖ ስባሪውን ማንሳት ተከልክሏል። እንግሊዝ ውስጥ ሲሃም ላይ የነበረ ትልቅ የጠርሙስ ፋብሪካ እስከ 1921 ድረስ የተረፈውን ቅልጥ ብርጭቆ ወደ ባሕር ይጥል ስለነበር፣ እስካሁን ሰው እዚያ ሁለትና ሦስት ቀለም የተጠላለፈበት ስባሪ ፍለጋ ይጎርፋል። ሩሲያ ውስጥም ቭላዲቮስቶክ አጠገብ እንዲህ ያለ ዳርቻ አለ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፤ ቆሻሻ መጣልን ማወደስ አይሆንም ወይ? ለልጅ «የጣልከው ጠርሙስ ጌጥ ሆኖ ይመለሳል» ብሎ ማስተማርስ ደግ ነው? እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ስባሪው በልጁ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ አብሮት የሚመጣው ቁጥር ነው፦ ሠላሳ ዓመት። ዛሬ የተሰበረ ጠርሙስ ይህን ያህል ጊዜ እግር ሲቆርጥ ኖሮ ነው የሚለሰልሰው፤ ለስላሳውን የሚያገኘው የዚህ ልጅ ልጅ ነው። ይህን የቆጠረ ሰው ጠርሙስ ለመወርወር የሚበረታ አይመስለኝም። ደግሞም በዘመናችን የሚጣለው በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ አያምርም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ዓሣ የሚውጠው ብናኝ እስኪሆን ድረስ ይደቅቃል፣ ግን አይጠፋም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ነው ትምህርቱ፤ ለዚህም አንዱን ለብርጭቆ፣ ሌላውን ለፕላስቲክ ብሎ ሁለት ከረጢት ይዞ መውረድ ይበቃል። የፕላስቲኩ ቀድሞ እንደሚሞላ አትጠራጠሩ።

በርበራ በብርጭቆዋ የታወቀች ከተማ አይደለችም፤ ባተላሌ በሚባለው ሰፊ ዳርቻ ላይ በእፍኝ የሚታፈስ ነገር ጠብቆ የሚሄድ ሰው ይከፋዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሶማሊላንድ ውስጥ አልኮል ክልክል ስለሆነ ሌላው ዓለም ባሕሩን የሚሞላበት የቢራና የወይን ጠርሙስ የለም፤ ውኃውና ለስላሳውም በአብዛኛው የሚጠጣው በፕላስቲክ ነው። ወደቡን ከማዕበል የሚከልለው ረጅም የአሸዋ ምላስ ደግሞ ለመርከብ በረከት፣ ለብርጭቆ ግን እርግማን ነው፤ በተኛ ውኃ ውስጥ ስባሪ አይሞረድም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ክፍት በሆነው ዳርቻ፣ ውኃው ሸሽቶ ጠጠርና ዛጎል መስመር ሠርቶ በቀረበት ላይ ነው። ይሁንና ይህ እጥረት የሚገኘውን ያከብደዋል። የዛሬው ሰው ብዙም ብርጭቆ ካልጣለ፣ ተለቅሞ የተገኘው ያለፈ ዘመን ዕቃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በርበራ ላይ ደግሞ ያለፈ ዘመን ሞልቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙቀቱ ከሚበርድበት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚቆም ታላቅ ገበያ ነበራት፤ ከሐረርና ከኦጋዴን ሲራራ ነጋዴው ቡናውን፣ ሙጫውንና ከብቱን እየነዳ ይወርዳል፣ ሕንዱና ዓረቡ በጀልባ ይመጣል፣ ሙቀቱ ሲጠና ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄድና ከተማዋ ወና ትሆናለች። ከዚያ ግብፆች መጡ፤ በ1884 እንግሊዞች ተተኩ፣ እስከ 1941 ድረስም መናገሻቸው አደረጓት። በኋላ ሶቪየቶች ወደብ ሠርተው ሰፈሩባት፤ በ1977 ከኢትዮጵያ ጎን ቆማችኋል ተብለው ተባረሩ። ይህ ሁሉ ሰው ጠርሙስ ይዞ ነበር የመጣው። ምን እንደጠጡበት ላውጣ አልልም።

ከቆሻሻው የጠነከረው ተቃውሞ ከታሪክ ወገን የሚመጣው ነው፤ ልጆች ቅርስ ቢያነሱስ? ይህ ጠረፍ ብርጭቆ ያየው ትናንት አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ ወደ አክሱም ወደብ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የብርጭቆ ዕቃን ይቆጥራል፤ ዘይላ አካባቢ ናት በምትባለው አቫሊቴስም እንዲሁ። በርበራ ናት ተብላ የምትገመተውን ማላኦን ሲጠቅስ የመጠጫ ዋንጫዎችን ከገቢ ዕቃዎቿ ጋር ይዘረዝራል። አክሱም ላይ ከመቃብሮች የወጡት የብርጭቆ ዋንጫዎች የዚህ ዘመን ንግድ ምን ያህል ወደ ደጋ ዘልቆ እንደነበር ያሳያሉ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ጆርጅ ሬቮይል ደግሞ በ1881 ከበርበራ በስተ ምሥራቅ ሄይስ ከተባለ ሥፍራ የሮማውያን ዘመን የብርጭቆ ስባሪዎችን ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። እነሆ የዚህ ጠረፍ የመጀመሪያው ስመ ጥር ብርጭቆ ለቃሚ፤ ስባሪዎቹን ማጥናት የፈለገ ሰውም መሄድ የነበረበት ወደ ሀርጌሳ ሳይሆን ወደ ፓሪስ ነበር። ታዲያ ልጆቻችንን ሬቮይል እናድርጋቸው ወይ? አይደለም። ቅርሱን ባሕር ከለሰለሰው ስባሪ መለየቱ ግን የሚመስለውን ያህል አይከብድም። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የቆየ ብርጭቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል፣ የቀስተ ደመና ቀለም ያሳያል፤ ማዕበል ያንከባለለው ይህ የለውም፣ ደብዛዛና ድብልብል ነው። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ የአንድ ስባሪ ዋጋ ያለው በተገኘበት ቦታና አጠገቡ ባለው ነገር ላይ ነው፤ ባሕር ያንገላታው ያን አድራሻ ከጣለ ቆይቷል። ስለዚህ ውኃው ከሚደርስበት መስመር በላይ፣ በተለይ የድንጋይ ክምር አጠገብ ያለ፣ ከንፈር ወይም እጀታ ያልጠፋው ነገር አይነካም። ፎቶ ይነሳል፣ እዚያው ይተዋል።

ዛጎልና ኮራል መልቀምስ? እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ከባሕር ዳር የሚያመጣው እነዚያን ነው። ባዶ የመሰለ ዛጎል ግን የሌላ ፍጥረት ቤት ነው፤ ለስላሳ ሆድ ያለው ሸርጣን እያደገ በሄደ ቁጥር ተከራይቶ የሚገባበት። ድንጋያማው ኮራል ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ስለሆነ በየአየር ማረፊያው ጣጣ ያመጣል። ስባሪ ጠርሙስ ግን ለማንም ቤት፣ ለማንም ምግብ አይሆንም። ባሕሩ ውስጥ የገባው በሰው እጅ ነው፣ በሰው እጅ ቢወጣ የሚጎድል የለም።

ስለ አደጋው የሚነሳው ሥጋት ግን ልክ ነው፣ መልሱም ጫማ ነው። ዳሩ ገና የሚያብረቀርቅ፣ ጥፍር ሲነካው የሚይዝ ስባሪ አልበሰለም። ብዙ ለቃሚዎች እንዲህ ያለውን «ይብሰል» ብለው ወደ ባሕር መልሰው ይወረውሩታል፤ ልጆች ባዶ እግራቸውን በሚሯሯጡበት ዳርቻ ይህ አጉል ቸርነት ነው፣ ከፕላስቲኩ ከረጢት ይጨመር። ወቅቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በርበራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከየብስ የሚነሳውም ንፋስ እንደ ምድጃ ትንፋሽ ነው፤ ያገሬው ሰው ራሱ አቅም ካለው ወደ ተራራው ይወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ገና ጠዋት ሳለ፣ ደህና ነው። ወጪውን አንስቶ «ለጠርሙስ ስባሪ ይህን ያህል መንገድ?» የሚል ካለ፣ ለስባሪው ብሎ የሚሄድ የለም። ሀርጌሳ ውስጥ ሠርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ለንግድ ወይም ለሥራ የሚመላለሰውም እንዲሁ። ለእነዚህ በርበራ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱባት ናት። ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ላይ መሞከርም ይቻላል፤ የሐይቁ ሞገድ ግን ደካማ ነው፣ ጠርሙሱንም ቁራሌው ቀድሞታል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ኢጋል አየር ማረፊያ የፍተሻ ማሽን ውስጥ፣ የለሰለሰ ስባሪ እንደ ማንኛውም ጠጠር ያልፋል። ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ውኃው ዳር እንደ ዕንቁ ሲያበራ የነበረው አረንጓዴ፣ ኪስ ውስጥ ደርቆ ከሰዓት ሲወጣ አመድ የነካው መስሏል፤ ልጁም የተለወጠበት ይመስለዋል። ምንም አልተለወጠም። ርጥብ ሳለ ውኃው ገጹ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ሞልቶ ብርሃኑን በቀጥታ ያሳልፍ ነበር፤ ሲደርቅ ብርሃኑ በየጉድጓዱ ይበተናል። ዘይት የሚቀቡት አሉ፣ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው መስኮት ላይ የሚያስቀምጡትም አሉ። መሳፈሪያው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ልጅ ግን ያለው መላ ምራቁ ነው፤ ባውራ ጣቱ ቀባ ያደርገዋል፣ አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣል፣ በረራው ሳይጠራ ደግሞ ይደርቃል።