ተቀናቃኞች በወዳጅነት ሲገናኙ፦ ዋልያዎቹና የገዛ ሜዳቸው ጥያቄ

የወዳጅነት ጨዋታ የሚባለው ዋንጫም ሆነ የማጣሪያ ነጥብ የማይያዝበት፣ ሁለት ፌዴሬሽኖች ቀን ቆርጠውና ቦታ መርጠው በስምምነት የሚያደርጉት ግጥሚያ ነው። አሠልጣኞች አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚፈትሹበትና ከወትሮው በላይ ቅያሪ የሚፈቀድበት በመሆኑም ብዙ ተመልካች ከልምምድ ብዙም ለይቶ አያየውም። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋም ከ2018 ጀምሮ በሚሠራበት የአገራት ደረጃ ስሌት ለጨዋታዎች የተለያየ ክብደት ሲሰጥ፣ ለማጣሪያ 25 የሰጠውን ያህል ለወዳጅነት ጨዋታ አልሰጠም፤ በፊፋ የጨዋታ ቀናት ውስጥ ከተደረገ 10፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ደግሞ 5 ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተጋጣሚዎቹ የቆየ ተቀናቃኝነት ያላቸው ጎረቤታሞች ሲሆኑ ግን ይህ ስሌት የጨዋታውን ክብደት አይነግርም፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ በየትኛው ሜዳና በማን ፊት ይደረጋል የሚለው ጥያቄም ከውጤቱ እኩል ያከራክራል።

የዚህ ዓይነት ግጥሚያ ዋና መገኛ ደቡብ አሜሪካ ነው። ብራዚልና አርጀንቲና በ1914 የጀመሩት፣ በቀድሞው የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት በሁሊዮ ሮካ ስም የተሰየመው ዋንጫ የሁለቱን ጎረቤቶች ወዳጅነት ለማጠንከር የታሰበ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት መቋረጥ በኋላም በ2011 ሱፐርክላሲኮ በሚል ስም ተመልሷል። በ2012 በአርጀንቲናዋ ሬሲስቴንሲያ ከተማ ሊደረግ የነበረው የመልስ ጨዋታ የስታዲየሙ መብራት ተበላሽቶ በተያዘለት ቀን ሳይካሄድ ቀርቷል። በኋላ ግን የሁለቱ አገሮች የወዳጅነት ጨዋታ ከአህጉሩ ርቆ በ2014 ቤጂንግ፣ በ2017 ሜልቦርን፣ በ2018 ጅዳ፣ በ2019 ሪያድ ላይ ተደርጓል። ጨዋታው የተሰደደው አዘጋጆች ከፍለው ስለጋበዙ እንጂ ሁለቱ አገሮች ሜዳ አጥተው አይደለም፤ ለማጣሪያ ሲገናኙ እያንዳንዱ በገዛ ሕዝቡ ፊት ይጫወታል። ዋልያዎቹ የሚባለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም ከተቀናቃኞቹ ጋር በሰው አገር መጫወትን ለምዷል፤ እርሱን ግን ከአገር ያስወጣው ግዴታ ነው።

የኢትዮጵያ ትልቁ የእግር ኳስ ተቀናቃኝ ግብፅ ናት፤ ተቀናቃኝነቱም ከአፍሪካ ዋንጫ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ በ1957 ሲመሠረት ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ መሥራቾቹ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ በመውጣቷ ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዋንጫ የተሳተፉት ሦስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይም ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ነበር። ሦስተኛው ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ግን፣ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ አቻ ከሆነ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ሲሆን፣ የተገኘውም በገዛ ሜዳዋ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት ነው።

ከሜዳው ውጭ ያለው የዓባይ ውኃ ጉዳይ ይህን ተቀናቃኝነት በእያንዳንዱ ትውልድ ሲያድሰው ኖሯል። በላሊበላ ዙሪያ ላለው ለላስታ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራና ከአካባቢው ደጋ የሚወርደው ውኃ በተከዜ በኩል አትባራ ገብቶ ከዓባይ ይቀላቀላልና፣ በላስታዋ ገነተ ማርያም ማሳ ላይ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ ግብፅ ይደርሳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 ከመመረቁ ከአራት ቀን በፊት ሁለቱ ብሔራዊ ቡድኖች ካይሮ ላይ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተገናኝተው ግብፅ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ማሸነፏን ያየ ሰው፣ የጨዋታውን ሳምንት ከግድቡ ሳምንት ለይቶ ማሰብ ተስኖት ነበር።

ከሱዳን ጋር ያለው ፉክክር ለስለስ ያለ ቢመስልም የራሱ ታሪክ አለው። በ2012 ዋልያዎቹ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ከተመለሱ በኋላ፣ ጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 በማሸነፋቸውና ከሜዳ ውጭ ያገቧቸው ጎሎች ስለበለጡላቸው፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ያን ቀን የአዲስ አበባ ስታዲየም ባይኖር ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው አይገኝም።

የኤርትራ ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው፤ በዚህ ተቀናቃኝነት ውስጥ ዝምድና አለና። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን በወሰደው ቡድን ውስጥ የነበሩት ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ የአስመራ ልጆች ነበሩ፤ ሐማሴንና ቴሌን የመሰሉ የአስመራ ክለቦች የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በ1968 ኢትዮጵያ ያዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫም በአዲስ አበባና በአስመራ ተከፋፍሎ ተካሂዷል። ከ1998 እስከ 2000 የተደረገው ጦርነትና ተከትሎት የመጣው የሁለት አሥርት ዓመታት መዘጋጋት የኳሱንም መንገድ ዘጋው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ሲፈረም፣ የወዳጅነት ጨዋታ የሚለው ስም ከማንኛውም ግጥሚያ ይልቅ የሚገባው ለእነዚህ ሁለት ቡድኖች እንደሆነ ብዙ ሰው ተሰምቶት ነበር። በ2021 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች ከ23 ዓመት በታች ውድድር ባሕር ዳር ላይ ሲካሄድ የኤርትራ ወጣቶች መጥተው መጫወታቸው ነገሩ የማይቻል እንዳልሆነ አሳይቷል።

ይሁንና ከእነዚህ ተቀናቃኞች ማንኛውም ቢመጣ የሚጫወተው የት ነው? የረጅም ጊዜው ሕዝባዊ ጥያቄ እዚህ ላይ ይገኛል። ካፍ ለውድድሮቹና ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስታዲየሞችን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚመለከተውም የሣሩን ጥራት ብቻ ሳይሆን በቁጥር የተለየ የግል መቀመጫን፣ የመልበሻ ክፍልን፣ የሌሊት መብራትን፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍልን፣ የጋዜጠኞችን ሥፍራና የመግቢያ መውጫ በሮችን ጭምር ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ይህን መመዘኛ ማሟላት አልቻለም፤ ተተኪ የነበረው የባሕር ዳር ስታዲየምም በጥቅምት 2021 ደቡብ አፍሪካን ካስተናገደ በኋላ ፈቃዱን አጣ። በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ ጋናን «ያስተናገደችው» ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቡድኑ የሜዳው ተብለው የተመዘገቡ ጨዋታዎቹን በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞሮኮ፣ በታንዛኒያ፣ በኮትዲቯርና በኮንጎ ኪንሻሳ አድርጓል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስቆጨው በሰኔ 2022 ሊሎንግዌ ላይ የተደረገው ነው። ዋልያዎቹ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ከ30 ዓመት በላይ ሲጠበቅ የኖረው ድል በማላዊ ዋና ከተማ፣ እጅግ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ባሉበት ስታዲየም ተፈጸመ። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ትውልድ የሚተረክ ቀን ይሆን የነበረው ድል በስልክና በቴሌቪዥን መስኮት የታየ ዜና ሆኖ አለፈ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኢትዮጵያ ግብፅን «በሜዳዋ» የገጠመችው ካዛብላንካ ላይ ሲሆን 2 ለ 0 ተሸንፋለች። ሱዳንም ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ጨዋታዎቿን ቤንጋዚን በመሰሉ የውጭ ከተሞች ለማድረግ ተገዳለች፤ ስለዚህ በ1957 የአፍሪካን ዋንጫ ካስጀመሩት ሦስት ተሳታፊዎች መካከል በእነዚህ ማጣሪያዎች የሜዳዋን ጨዋታዎች በሙሉ በገዛ አገሯ ማስተናገድ የቻለችው ግብፅ ብቻ ናት።

በሜዳ ማጣት የጠፋው የደጋፊ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከፍታም ጠፍቷል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቀው በአዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ከቆላና ከባሕር ዳርቻ የመጣ ተጫዋች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኳሷም ከለመደው በላይ ትፈጥናለች፤ ሰውነቱ ይህን እስኪለምድ ቀናት ያስፈልጉታል። የደቡብ አሜሪካ ፉክክር ይህን ነገር ዓለም እንዲከራከርበት አድርጓል። ፊፋ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ሲከለክል፣ ዋና ስታዲየሟ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ቦሊቪያ አጥብቃ ተቃወመች፤ ገደቡም መጀመሪያ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ተደርጎ በቀጣዩ ዓመት ተነሣ። በ2009 ላፓስ ላይ ቦሊቪያ በማራዶና የሚሠለጥነውን የአርጀንቲናን ቡድን 6 ለ 1 አሸነፈች፤ በመስከረም 2025ም ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በኤል አልቶ ብራዚልን 1 ለ 0 ረታች። ፊፋ በመጀመሪያ ያሰመረው የ2,500 ሜትር መስመር ላሊበላ ከምትገኝበት ከፍታ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ፣ ገደቡ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በላስታ ደጋ ላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ማሰብ እንኳ ባልተቻለ ነበር። ከፍታ ብቻውን እንደማያሸንፍ የታወቀ ነው፤ ናይጄሪያ በ2013 ለዓለም ዋንጫ በተደረገው የመጨረሻ ዙር ማጣሪያ አዲስ አበባ መጥታ 2 ለ 1 አሸንፋ ሄዳለች። ነገር ግን ቦሊቪያ ዓለምን ተከራክራ ያስከበረችውን ጥቅም ኢትዮጵያ በመቀመጫ፣ በመብራትና በመልበሻ ክፍል ጉድለት አሳልፋ መስጠቷ ሊያሳዝን ይገባል።

ከገነተ ማርያም ተነሥቶ በኩልመስክና በድልብ በኩል ወደ ምሥራቅ ለሚወርድ ሰው፣ ለስሙ የሚበቃው ቅርብ ስታዲየም ወልድያ ላይ ይገኛል። በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ገንዘብ ተሠርቶ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ስታዲየም ወደ 25,000 ተመልካች የሚይዝ ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድን ሜዳ አጥቶ በየአገሩ ሲዞር የሰሜን ወሎ ሕዝብ ስለ እርሱ መጠየቁ አግባብ ነው። ሆኖም በመሠራትና ፈቃድ በማግኘት መካከል ያለው መንገድ ረጅም መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ሆቴልና የአውሮፕላን ማረፊያ ቅርበት፣ ዘላቂ ጥገናና አስተማማኝ ጸጥታ ካልተጨመሩበት ግንቡ ብቻ አይበቃም። የጸጥታው ነገር በዚሁ ከተማ በመራራ መንገድ ታይቷል፤ በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቐለ ክለቦች ሊያደርጉት የነበረው የሊግ ጨዋታ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ሳይካሄድ ቀርቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልድያንና ላሊበላን ለወራት አዳረሰ።

ፉክክርን በሥርዓት መያዝ ግን ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። በዓሉ በላሊበላ በልዩ ድምቀት በሚከበርበት በልደት ሰሞን በደጋው ሁሉ ሲዘወተር የኖረው የገና ጨዋታ፣ ሁለት ወገኖች ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር የምትባለውን ኳስ እየመቱ የሚጋፉበት፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሰለፉበትና ጌታው ቢመታም ቢሰደብም እንዳይቆጣ ልማዱ የሚያስገድደው ጨዋታ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ብርቱ ፉክክር፣ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው በተቀበሉት ወሰን ውስጥ።

የወዳጅነት ጨዋታ ለኢትዮጵያ ከስሌት ክብደቱ በላይ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የካፍ የስታዲየም ፈቃድ የሚጠየቀው ለካፍና ለፊፋ ውድድሮች ሲሆን፣ የወዳጅነት ጨዋታ ግን በሁለቱ ፌዴሬሽኖች ስምምነት የሚወሰን በመሆኑ፣ ፈቃድ በጠፋባቸው ዓመታት ተቀናቃኝን በኢትዮጵያ ምድር ለማየት የቀረው በር እርሱ ነበር። መንግሥት በጥቅምት 2024 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደበት ወቅት ያኔ ለ2029 የታቀደውን የአፍሪካ ዋንጫ የማዘጋጀት ፍላጎቱን ገልጿል፤ ቦሌ አካባቢ ከ60,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ ሥራው በ2016 የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም የዚህ ተስፋ ማዕከል ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ድግስ የሚሻ አገር ግን ትንንሾቹን ግብዣዎች አስቀድሞ መልመድ ይኖርበታል፤ ለእንግዳ ቡድን ጉዞና ማረፊያ መክፈል፣ ትኬት በሥርዓት መሸጥ፣ የደጋፊዎችን አገባብ ማስተካከል በወረቀት ላይ የሚጠኑ ነገሮች አይደሉም። ለማላዊና ለሞሮኮ ጉዞዎች ሲወጣ ከኖረው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል የሚያስቆጭ አይሆንም።

የቀኑም ነገር አመቺ ሆኗል። ፊፋ ከ2026 ጀምሮ የመስከረሙንና የጥቅምቱን የጨዋታ ቀናት አዋህዶ እስከ አራት ጨዋታ የሚደረግበት አንድ ረጅም ጊዜ ያደረገ ሲሆን፣ ይህም በኢትዮጵያ ከመስቀል በዓል ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ ክረምቱ ወጥቶ የደጋው ሜዳ የሚጠነክረውም ያኔ ነው። አራቱም ጨዋታዎች ለማጣሪያ በማይያዙበት ዓመት፣ የሱዳንን ወይም የኤርትራን ፌዴሬሽን ለአንድ የመስከረም ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ወልድያ መጋበዝ የካፍን መርማሪ መምጣት ሳይጠብቅ በፌዴሬሽኑ እጅ ያለ ሥራ ነው።