በገበያ መሀል የምትሸሸግ ብልቃጥ

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ የማፈላለግ ጨዋታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት፣ ሜይ 3 ቀን 2000 እ.ኤ.አ.፣ ዴቭ አልመር ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ በከፊል ቀብሮ አስጀመረው።

ገበያ ውስጥ መደበቅ ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። በፔንስልቬኒያዋ ትንሽ ከተማ ኤፍራታ ከ1932 ጀምሮ ዓርብ ዓርብ እንደሚቆመው ግሪን ድራጎን ባለ የገበሬዎች ገበያ ባልዲ ቢቀመጥ ውሎ አያድርም። የሚሻለው ጣት የምታህል፣ ማግኔት ያላት ብልቃጥ ከብረት ምሰሶ ጀርባ ማጣበቅ ነው፤ ውስጧ የሚገባው የስም መመዝገቢያ ጥቅል ወረቀት ብቻ ነው። የባለቦታው ፈቃድ ግድ ነው። ምግብ ማስቀመጥም፣ ያለ ግልጽ ፈቃድ መቅበርም ዛሬ ክልክል ነው (በአልመር ባልዲ ውስጥ የታሸገ ቦሎቄ ነበር!)። ፈላጊው ቲማቲም የሚመርጥ መስሎ ይቆይና ሰው ዞር ሲል ብልቃጧን ያነሳል፤ ስሙንና ቀኑን ጽፎ እዚያው ይመልሳታል። ገበያው በማይቆምበት ቀን መሄድ ይቀላል፤ ጨዋታው ግን ያኔ ለዛ የለውም።