የማገዶ ክምርና የቤተሰብ ጤና፦ ከባቲ አካባቢ ጥቂት ምልከታዎች

መግቢያ

ባቲን የሚያውቅ ሁሉ በቅድሚያ የሚያስታውሰው የሰኞ ገበያዋን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ከመጀመሩ በፊት የተቆረቆረችው ይህች ከተማ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ግመልና ፍየል፣ ጨውና እህል የሚገበያዩባት ናት። ወደ ገበያው ከሚመጡት ዕቃዎች ሁሉ እምብዛም ሳይነሣ የሚታለፈው በኦሮምኛ «ቆራን» የሚባለው ማገዶ ነው። በግመልና በአህያ ይመጣል፤ ይበልጡን ግን በሴቶች ጀርባ ይመጣል።

ባቲ ሞቃት በመሆኗ ቤትን ለማሞቅ ብቻ ተብሎ እሳት የሚነድባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናባማ ሌሊቶች፣ በተለይም አራስ ያለችበት ቤት ከነዚህ ይቆጠራሉ። ሆኖም ማገዶ ሰብስቦ ማከማቸት ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግቢው ጥግ በሥርዓት የተደረደረ የፍልጥ ክምር የባልትና ምልክት ተደርጎ ይታያል። ከሥራ ሰዓት ውጭ እንጨት መፍለጥንና መደርደርን እንደ መዝናኛ የያዙ ደመወዝተኞችም አይጠፉም፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከነዚሁ አንዱ መሆኑን አይሸሽግም። በዚህም ብቻውን አይደለም። በኖርዌይ የሀገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ማገዶ እንጨት ብቻ 12 ሰዓት የፈጀ ዝግጅት አቅርቦ ነበር፤ ተመልካቾችም እንጨቱ ሲደረደር ልጡ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች በሚለው ጉዳይ ክፉኛ ተከራክረዋል። በዚያ አገር ግን እንጨቱ የሚነደው ጢስ ማውጫ ባለው የብረት ምድጃ ውስጥ ነው። የኛ እንጨት የሚነደው ሦስት ጉልቻ ላይ ነው።

ሳል ወይም የትንፋሽ እጥረት ያለባትን እናት ስንመረምር ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ እንጠይቃለን፤ መልሱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «የለም» ነው። ጥቂቶቻችን ደግሞ በምን እንደምታበስል እንጠይቃለን። የማገዶው ክምር የት እንዳለና ምን ለብሶ እንደሚያድር የሚጠይቅ ባለሙያ ግን ለጸሐፊው አላጋጠመውም፤ ጸሐፊው ራሱም ለብዙ ጊዜ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ለምን መጠየቅ እንደሚገባው ለማስረዳት ይሞክራል።

እርጥብ እንጨት ምን ያደርጋል?

ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ተፈልጦ፣ ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ የከረመ እንጨት የውኃ መጠኑ ወደ 15 ወይም 20 በመቶ ይወርዳል። እሳቱ እንጨቱን ከማንደዱ በፊት ይህን ውኃ ማትነን ስላለበት ከሙቀቱ ይከፍላል። 20 በመቶ ውኃ ያለው አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 14 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ሲሰጥ፣ ግማሹ ውኃ የሆነ አንድ ኪሎ እንጨት ግን ከ8 ሜጋ ጁል እምብዛም አያልፍም።

በጤና ረገድ ግን የሚከፋው የእሳቱ መቀዝቀዝ ነው። እንጨት ሲሞቅ በመጀመሪያ ተቀጣጣይ ጋዞችን ያወጣል። እነዚህ ጋዞች በቂ ሙቀትና አየር ሲያገኙ ነድደው ነበልባል ይሆናሉ፤ ሳይነዱ ሲያመልጡ ደግሞ ጭስ ይሆናሉ። እርጥብ እንጨት እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው ብዙው ክፍል በሁለተኛው መንገድ ይሄዳል። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ፎርማልዲሃይድ፣ ቤንዚንና እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ የሚዘልቁ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሱ ብናኞች ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የነዚህ ብናኞች የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጭስ በሞላው ማጀት ውስጥ የሚለካው መጠን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

ይሁንና ለአንባቢው ሊደበቅ የማይገባው ነገር አለ። ጭስን መቀነስ የሳንባ ምችን ይቀንሳል ብሎ መናገር እንደሚታሰበው ቀላል አልሆነም። በጓቲማላ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለቤተሰቦች ታድሎ በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ ከባድ የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ያህል ቢቀንስም በአጠቃላዩ የሳንባ ምች ቁጥር ላይ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተውና በ2016 ይፋ የሆነው ጥናት የተሻሻለ ምድጃ የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ በምድጃ የሚደርስ ቃጠሎ ግን ቀንሷል። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ በቡታ ጋዝ የተደረገው ትልቁ ሙከራም ውጤቱ በ2024 ሲታተም በከባድ የሳንባ ምች ላይ ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ ለአንዲት እናት «እንጨትሽ ከደረቀ ልጅሽ በሳንባ ምች አይያዝም» ብለን ቃል ልንገባላት አንችልም። ዓይኗ እንደሚያነሰው የሚያቃጥላት፣ ሳሏም እንደሚቀልላት መንገር ግን እንችላለን። ምክራችን ከዚህ ባይዘል ይመረጣል።

ሸክሙ

አንድ ቀን የወገብ ሕመምና «ወደ ታች የሚጎትት» ስሜት አለብኝ ብላ የመጣች እናት የእንጨት ሸክሟን ከግቢው በር ላይ አስደግፋ ገባች። ከምርመራው በኋላ ሸክሙን ሕፃናት በሚመዘኑበት ባለመንጠቆ የሳልተር ሚዛን ላይ ሰቀልነው። መርፌው 25 ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሚዛኑ ከዚያ በላይ ቁጥር የለውም። የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ዓመት ያልሞላት ሲሆን፣ በአርባኛው ቀን ወደ እንጨት ለቀማ ተመልሳለች። ማኅፀኗ ዝቅ ብሎ ነበር። በሀገራችን የተካሄዱ ጥናቶች ከባድ ሸክምን ከማኅፀን መውጣት ጋር አያይዘውታል።

በካርዷ ላይ «ከባድ ዕቃ እንዳትሸከም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ጸሐፊውም ጽፏል። ማን ይሸከምላት እንደሆነ የማይናገር ትእዛዝ ግን ብዙ አይረዳትም። ከላይ ያለውን ስሌት ወደ ሸክሙ ብንመልሰው የተሻለ ነገር እናገኛለን፦ እርጥብ እንጨት ከተሸከመች ከ10 ኪሎው 5 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። እንጨቱን በቆረጡበት ቦታ ጥቂት ሳምንታት አቆይቶ፣ ሲደርቅ መሸከም የሚቻል ከሆነ ያው ማገዶ በቀለለ ክብደት ይመጣል። ሌላ ሰው ያነሣብኛል የሚለው ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ምክሩ በሁሉም ዘንድ አይሠራም። ባል ወይም ወንድ ልጅ አህያ ጭኖ እንዲያመጣ በግልጽ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ከሰል ወደ ቤት ሲገባ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር፣ ጸሐፊው በአካባቢው በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ተረኛ ሳለ አንዲት የዘጠኝ ቀን አራስ ከታናሽ እኅቷ ጋር ማለዳ ላይ መጡ። ሁለቱም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ነበራቸው። ትኩሳት አልነበራቸውም። የአራሷ የደም ግፊት ደህና ነው፤ የሽንት ምርመራዋም ፕሮቲን አላሳየም። ፐልስ ኦክሲሜትሩ 98 በመቶ አነበበ። የወባ ምርመራው ነጋቲቭ ቢሆንም ወቅቱና ቦታው የወባ ስለነበረ የወባ መድኃኒት ታዘዘላቸውና ወደ ቤት ተመለሱ።

በማግሥቱ ንጋት አራሷ ራሷን ስታ መጣች። ሕፃኑ ሲደርስ ትንፋሽ አልነበረውም። አብረዋት የመጡት አያቷ በኮሪደሩ ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ዶሮዎቹም እኮ አብረው ሞተው አደሩ። ዶሮም ወባ ይይዘዋል እንዴ?»

በኋላ ቤቱን ስንጎበኝ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የማገዶው ክምር ከቤቱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳይሸፈን በዝናብ ርሶ ነበር። ቤተሰቡ እርጥቡን እንጨት አራስ ቤት ውስጥ ማንደድ ሕፃኑን በጭስ መጉዳት መሆኑን በሚገባ ተረድቶ፣ «ከሰል አይጨስም» በሚል ጥንቃቄ ማንደጃውን አስገባ። ከሰሉ ደጅ ተያይዞ ነጭ ጭሱ እስኪያልቅ ተጠብቋል። ብርድ እንዳይገባም የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል። ስሕተቱ የቤተሰቡ ብቻ አልነበረም፤ ወደዚያው ክፍል የመለሳቸው የሕክምና ባለሙያ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍም ሆኖ የቀላ ከሰልም በብዛት ያመነጨዋል። ከሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ተራው ፐልስ ኦክሲሜትር ካርቦክሲሄሞግሎቢንን ከኦክሲሄሞግሎቢን መለየት ስለማይችል የሚያነበው ቁጥር ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ 98 በመቶ የሚለው ንባብ ያሳሳተንም በዚህ ምክንያት ነው። ምርመራውን የሚሠራው እንግዲህ ጥያቄ ነው። በአንድ ቤት ያደሩ ከአንድ በላይ ሰዎች ትኩሳት የሌለው ራስ ምታት ይዟቸዋል? ከቤት ሲወጡ ይሻላቸዋል? እሳት የት አደረ? የቤት እንስሳት ምን ሆኑ?

ሕክምናው ሳይዘገይ ከስፍራው ማውጣትና በተቻለ መጠን መቶ በመቶ የሚጠጋ ኦክስጅን፣ ከረጢት ባለው ጭምብል መስጠት ነው። ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካርቦክሲሄሞግሎቢን ወደ ግማሽ ለመውረድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስድበታል፤ በኦክስጅን ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። በነፍሰ ጡር ላይ ጋዙ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ዘግይቶ ስለሆነ የእናትየው ምልክት ከጠፋም በኋላ ኦክስጅኑ መቀጠል አለበት። የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም የእንቅስቃሴ ችግር ከቀናት፣ አልፎ አልፎም ከሳምንታት በኋላ ሊከሰት ስለሚችል ቀጠሮ መስጠት ያስፈልጋል። ከሁሉም በፊት ግን ሕመምተኛው ወደየትኛው ክፍል እንደሚመለስ ሳያውቁ ማሰናበት አይገባም።

ስለ አከማቸት

ከላይ የተጠቀሱት አያት ስለ ማገዶ ከጸሐፊው የላቀ ዕውቀት እንዳላቸው በተደጋጋሚ ጉብኝት ለመረዳት ተችሏል። በዚያ ዓመት ክምሩ የረሰበት ምክንያት ጉልበት ያለው ሰው በቤት ስላልነበረ እንጂ ሥርዓቱ ጠፍቶ አልነበረም። እንደ እርሳቸው አነጋገር እንጨት የሚቆረጠውና የሚፈለጠው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በምሥራቅ ወሎ የበልግ ዝናብ ስለሚጥል፣ መሸፈኛው እስከ ሰኔ ሳይጠበቅ ከመጋቢት በፊት መዘጋጀት አለበት። ክምሩ በድንጋይ ወይም በግንዲላ ላይ ከመሬት ከፍ ይላል። የሚሸፈነው ከላይ ብቻ ነው፤ ጎንና ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይተዋል። ዙሪያውን በላስቲክ የተጠቀለለ እንጨት አይደርቅም፤ ይሻግታል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ልጡ ይላቀቃል፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን የታፈነ ድምፅ አለው። ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ክምሩ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ቢርቅ ይመረጣል፤ እባብና ጊንጥ ይጠለሉበታልና በጨለማ እጅን ማስገባት አደገኛ ነው። እንደ አጥር በተተከለ ቅንጭብና ቁልቋል አጠገብ እንጨት የሚቆርጡ ሰዎች ወተቱ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ከባድ የዓይን ጉዳት ይደርስባቸዋል፤ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ይገባል። ከአፋር በኩል የሚመጣው የፕሮሶፒስ እሾህ ጠልቆ ስለሚወጋ፣ እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ የመጣን ሰው የቴታነስ ክትባት ሁኔታ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሲሚንቶና በቀይ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምጣድ የእንጀራ መጋገሪያ ማገዶን ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እርጥብ እንጨት የሚገባበት ምርጥ ምጣድ ግን እርሱም ይጨሳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከፓኬጆቹ አንዱን ለጤናማ የቤት አካባቢ ሰጥቷል፤ የቤት ለቤት ጉብኝቱ የመጸዳጃ ቤቱን እንደሚያይ ሁሉ፣ በግንቦት ወር የማገዶውን ክምርና አራስ የምትተኛበትን ክፍል መስኮት ቢያይ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

አራሷ ድናለች። ከተናገረችው መሐል አንዳንዱን ትደጋግማለች፤ የሰዎችን ስም ትረሳለች፤ ወደ ሰኞ ገበያም ብቻዋን አትሄድም። ባለፈው ጉብኝት ክምሩ ከግድግዳው ርቆ፣ ድንጋይ ላይ ተነሥቶ፣ ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ለብሶ ነበር። የከሰል ማንደጃው ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል።