ቅቤው ቀረ፣ ኮሌስትሮሉ ግን አልቀረም!

የአቀስታን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ማታ ፈሳሽ የነበረ የፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሞራ ረግቶ ይገኛል። የኑግ ዘይት ግን በዚያው ብርድ ኩልል ብሎ ይፈሳል። ውድ አንባብያን፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አንድ የማውቃቸው የአቀስታ ነጋዴ ደሴ ተመርምረው «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ከተባሉ ወዲህ ቅቤና ጮማ እርም አሉ። ከስድስት ወር በኋላ ቢመረመሩ ውጤቱ ያው! «ታዲያ ምን ልብላ፣ ድንጋይ?» አሉኝ ተናደው።

ወጡ በምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኋቸው። በፓልም ዘይት! ያውም «ከቅቤ ይሻላል» ተብሎ እጥፍ ይጨመራል። «ዕቃው ላይ ኮሌስትሮል የለውም ይላል እኮ» አሉ። እውነት ነው፣ የለውም። ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት ኤል ዲ ኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም የማንሳት አቅሙ ይዳከማል። የተረፈው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልብንና አንጎልን የሚመታው ይኸው ነው። «ጾም ነው፣ ምን ቅባት አለውና» የምትሉም ስሙ!

«ኑግ ውድ ነው» አሉኝ። አልካድኩም። እንግዲያው ትንሽ ኑግ ከብዙ ፓልም ይሻላል፤ ወጥ በዘይት መዋኘት የለበትም።

ደግሞ መድኃኒቱ ደጃቸው ላይ ነው፤ ገብስ! ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚያሟልጭ አሠር አለ። አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። በቀን 3 ግራም ያህሉ ከተገኘ ኤል ዲ ኤልን እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። በሶው፣ ቆሎው፣ ቂንጬው ሁሉ ያስኬዳል። ጭኮ ግን በቅቤ የታሸ ነውና አይሞከርም! እኛ ግን ሠለጠንን ብለን ገብሱን ሸጠን ፉርኖ ዱቄትና መኮሮኒ እንሸምታለን።

ትራይግላይሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ቅባት ደግሞ ከስኳርና ከአረቄም ይመጣል። ሻዩን እንደ ማር የሚያጣፍጡ ሰዎች ቅቤን ብቻ ባይረግሙ ጥሩ ነው።

ቀጭን ነኝ ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም፤ ከሲታ ሰው ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሐኪም ኪኒን ያዘዘላችሁም በሶ በላሁ ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ዘይቱን ቀይራችሁ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና ተመርመሩ።